የመኪናዋ በር

በሀራሙስ ፀሐይ የቆመች መኪና ምን እንደምትሆን ወላጆች ታውቃላችሁ። ቀን እጀታዋ አይነካም፤ ሌሊት የባሕሩ ጨው በቆርቆሮዋ ላይ ያድራል። በግንቦት ወር አንድ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤታችን መኪና የግራ በር ላይ የተለጠፈው ረጅም ጥቁር ፕላስቲክ ግማሹ ተነቅሎ ተንጠልጥሎ አገኘነው። አጠገቡ ሦስት የ8ኛ ክፍል ልጆች ኳስ ይዘው ቆመዋል። ከዚያ ወዲያ ማስረጃ አልፈለግንም። "ማን ነው?" ብለን ጠየቅን፤ ዝም ሲሉ ጥፋታቸውን ያመኑ መሰለን። ወላጅ አምጡ ብለን ሰደድናቸው።

በማግስቱ የአንደኛው እናት መጡ። አልተቆጡም። የተንጠለጠለውን ፕላስቲክ ገልበጥ አድርገው ጀርባውን በጥፍራቸው ፋቅ ሲያደርጉት ማስቲሹ እንደ ዱቄት ረገፈ። ከሥሩ አቧራ ነበር። ከዚህ በፊት የጠገነው ሰው ሳያጸዳ ነው የለጠፈው።

"ይኼ በኳስ የተነቀለ ይመስልዎታል?" አሉን።

መልስ አልነበረንም። ስንት ዓመት ስለ ልጆች ተምረን፣ ፕላስቲኩን ገልብጦ ማየት አልመጣልንም።

በጠዋቱ ሰልፍ ላይ፣ በወቀስናቸው ድምፅ ልክ፣ ሦስቱን ይቅርታ ጠየቅን። የሚፈልግ ካለ ዓርብ አብረን እንጠግናለን አልን። ሁለቱ መጡ።

ቆርቆሮው ሳይግል በማለዳ ጀመርን፤ ጥሩ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር በ21 እና በ38 ዲግሪ መካከል ሲለጠፍ ነው በደንብ የሚይዘው። ያልተነቀለው ግማሽ የፋብሪካውን ፕላስተር እንደያዘ ስለነበር በዓሣ ማጥመጃ ክር እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ እያልን ቆረጥነው። ቢላ አላስነካንም፤ ቀለም ይቧጥጣል። የቀረውን ሙጫ በአውራ ጣት እያሸን አነሳን። ከዚያ ጨውን በሳሙናና በውሃ፣ ቅባቱን በአልኮል ጠረግን። በሩ እስኪደርቅ መጠበቁ ለልጆቹ ከሁሉ ከበዳቸው። መስመሩ እንዳይጣመም በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርገን ለጠፍነው፤ ከዳር እስከ ዳር በመዳፍ ተጫንነው።

እንዲህ ያለው ፕላስተር በ20 ደቂቃ የጉልበቱን ግማሽ ያህል፣ በአንድ ቀን 90 በመቶውን ያገኛል፤ ሙሉ ለሙሉ ለመያዝ ግን 72 ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ መኪናዋን ጥላ ውስጥ አቆምናት፤ ዘበኛችንም ወንበሩን አጠገቧ አድርጎ ማንንም አላስጠጋ አለ።

ሦስተኛው ልጅ ዓርብ አልመጣም፤ ለምን ብለንም አልጠየቅን። ሰኞ በእረፍት ሰዓት በመስኮት አየነው። በመኪናዋ በኩል ሲያልፍ ቆም አለ፣ ፕላስቲኩን በጣቱ ጫን አድርጎ ሞከረ፣ ወደ ክፍሉም ገባ።