ክብርም ወሰን አለው



በምድራችን ላይ ከፍታቸው ከ8,000 ሜትር የሚያልፍ ተራሮች 14 ናቸው። ሁሉም የሚገኙት በእስያ፣ በሂማላያና በካራኮረም የተራራ ሰንሰለቶች ላይ ነው። ሃምሳን አልፈን የጸሎት ቤታችንን ደረጃ ስንወጣ እንኳ መሐል ላይ ቆም የምንል እኛ ስለ እነዚህ ተራሮች ለማስተማር የሚያበቃ ጉልበት የለንም። ይሁን እንጂ በአገልግሎት ላለን ሰዎች የሚጠቅም አንድ ታሪክ ከዚያ ስላገኘን ልናካፍላችሁ ወደድን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከሰሜን ጣሊያን የተነሣው ራይንሆልድ ሜስነር 14ቱን ተራሮች በመውጣት የመጀመሪያው ሰው ተብሎ ስሙ የታወቀው በ1986 ነው። ዋጋ የተከፈለበት ስም ነበር። በ1970 ከመጀመሪያው ተራራ ከናንጋ ፓርባት ሲወርዱ ታናሽ ወንድሙ ጉንተር እዚያው ቀረ፤ እርሱ ራሱም በውርጭ የተጎዱ የእግሩን ጣቶች አጣ። በ1978 ደግሞ ከጓደኛው ከፒተር ሃበለር ጋር ያለ ኦክስጅን ሲሊንደር ኤቨረስት ጫፍ ላይ ቆሙ። ከዚያ በፊት ይህን ያደረገ ሰው አልነበረም።

ዓመታት አለፉ። ኤበርሃርድ ዩርጋልስኪ የተባለ ጀርመናዊ የተራራ ታሪክ አጥኚ፣ ወጣን ያሉት ሰዎች በእርግጥ የቆሙት የት እንደሆነ ፎቶግራፎችንና የሳተላይት መረጃዎችን እያስተያየ ይመረምር ጀመር። የአንዳንዱ ተራራ ጫፍ እንደ ጦር የሾለ አይደለም። ለምሳሌ 8,091 ሜትር ከፍታ ያለው አናፑርና ከላይ ረጅም የበረዶ ሸንተረር ነው። አየሩ ስስ፣ ነፋሱ ብርቱ ነው፤ ከፍተኛው ቦታ ይህ ነው የሚል ምልክትም የለም። ዩርጋልስኪ የደረሰበት መደምደሚያ፣ ሜስነር በ1985 አናፑርናን ሲወጣ ከእውነተኛው ጫፍ በርቀት 65 ሜትር፣ በከፍታ 5 ሜትር ያህል ሲቀረው ተመልሷል የሚል ነበር።

በ2023 የጊነስ የዓለም ክብረ ወሰን መዝገብ ይህን ተቀብሎ የመጀመሪያነቱን ማዕረግ ከሜስነር ወደ አሜሪካዊው ኤድ ቪስተርስ አዛወረው። ቪስተርስ 14ቱንም ያለ ኦክስጅን ሲሊንደር ወጥቶ የጨረሰው በ2005፣ በዚያው በአናፑርና ላይ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሳይለምን፣ ሳይከራከር፣ የዓለም አንደኛ የሚለው ስም ቤቱ ድረስ መጣለት። እርሱ ግን የመጀመሪያው ሜስነር ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ፤ ማዕረጉንም የእኔ አይደለም አለ።

ይህ ሰው ለራሱ እርምጃ ግድ የሌለው እንዳይመስላችሁ። በ1987 ኤቨረስት ላይ 100 ሜትር ያህል ሲቀረው፣ ብወጣም በሰላም አልወርድም ብሎ ተመልሷል። በ1993 ሺሻፓንግማ ላይ ከእውነተኛው ጫፍ ጥቂት ሜትሮች ዝቅ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሸንተረር አደገኛ ነበር። ሌሎች ብዙዎች ከዚያው ተመልሰው ወጣን ብለዋል፤ እርሱም እንዲሁ ቢል የሚከራከረው አልነበረም። ነገር ግን ጎደሎዋን ራሱ ያውቃት ነበርና ከስምንት ዓመት በኋላ በ2001 ተመልሶ ያንን ተራራ ከሥር ጀምሮ ወጣው። በራሱ ላይ ለጥቂት ሜትሮች እንዲህ የጠነከረ ሰው፣ የሌላው ጉድለት ሲቆጠርለት አልተጠቀመበትም።

ወገኖች ሆይ፣ ብዙዎቻችን የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። በራሳችን ላይ ስንደርስ ሜትሩ ይላላል፤ በባልንጀራችን ላይ ይጠብቃል። የእኛ መቶ ሰው በሪፖርት ላይ “ብዙ ሕዝብ” ይሆናል፤ የሌላው ብዙ ሕዝብ ግን “እስቲ ይቆጠር” ይባልበታል። አባቶቻችን የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት ይህን የልባችንን ጠባይ ስላወቁ ነው።

ይህ ፈተና በእኛም ደጅ ቆሞ ያውቃል። አጥቢያችን የምሥረታ በዓሏን ለማክበር መጽሔት ስታዘጋጅ ከፎቶግራፋችን ሥር “መሥራች” የሚል ቃል ተጽፎ ለእይታ መጣልን። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ቃሉ ጣፋጭ ነበር፤ ከወጣቶቹም መካከል ልክ አይደለም የሚል አልነበረም። ነገር ግን እኛ ወደዚያ ሰፈር ከመምጣታችን ከዓመታት በፊት ሳሎናቸውን ለጸሎት ከፍተው፣ ለመጣው ሁሉ ቡና አፍልተው፣ የጎረቤቱን ስድብ የቻሉ እናት ነበሩ። ዛሬ አልጋ ላይ ናቸው፤ መጽሔቱም ቢሆን አይነበብላቸውም ይሆናል። ቃሉ ከእኛ ስም ተነሥቶ ለእርሳቸው እንዲጻፍ ጠየቅን። ስንጠይቅ ውስጣችን ትንሽ እንደ ቆጠቆጠን አንሸሽግም።

መጥምቁ ዮሐንስም አንተ ማን ነህ ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ሕዝቡ ሊሰጠው የተዘጋጀውን ትልቅ ስም አልተቀበለም። ያን ቀን ዝም ቢል ኖሮ ብዙዎች ያምኑት ነበር። ክብር ከሰው እጅ በነጻ ሲመጣ ዝም ማለት ብቻውን ለመቀበል ይበቃል፤ ስለዚህ የእኔ አይደለም ለማለት አፍ መክፈት ያስፈልጋል።

በቋንቋችን “ሪከርድ” የሚባለው ነገር ክብረ ወሰን መባሉ ደስ ይለናል። ክብር እንደ እርሻ ወሰን አለው፤ ከድንበሩ ወዲያ ያለው የሌላ ሰው ማሳ ነው። መዝገብ ጻፊዎች ድንጋዩን ወዲያና ወዲህ ሊያዛውሩት ይችላሉ። ባለቤቱን የሚያውቅ ጎረቤት ግን ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

እስቲ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን አንድ ነገር እናድርግ። የምንመሰገንበትን አንድ ሥራ እናስብ፤ መሠረቱን የጣለው ማን ነበር? ያስተማረን፣ በሩን የከፈተልን፣ ሸክሙን የተሸከመልን ማን ነው? በሕይወት ካሉ ስልክ እንደውልላቸው። ካረፉ ደግሞ ስማቸውን በልጆቻቸው ፊት እናንሣ።

ጌታ ይርዳን። ሰላም ሁኑ።