ጎማን ከማስቀየርና ራስ ከመቀየር የትኛው ይበልጣል?

በክርክር ሰዓት ‹‹ከዕውቀትና ከገንዘብ የትኛው ይበልጣል?›› የሚለው ጥያቄ ከአባቶቻችን የተማሪነት ዘመን ጀምሮ ሲነሣ ሲጣል የኖረ ነው። ዕውቀት ይበልጣል ያለውም፣ ገንዘብ ይበልጣል ያለውም ጭብጨባውን ተቀብሎ ይቀመጣል፤ ነገሩ ግን እልባት ሳያገኝ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። እኔም ይህንኑ የቆየ ጥያቄ ከመድረክ አውርጄ፣ በአቧራ ላይ በሚንከባለል የሞተር ብስክሌት ጎማ ላይ ላቀርበው አስቤአለሁ። ጎማ ሲተነፍስ ለጎሚስታ ከፍሎ ማሠራት ይሻላል ወይስ ሙያውን ተምሮ ራስ መሥራት?

ይህን ጉዳይ እንድመረምር ያደረገኝ የታላቅ ወንድሜ ሥራ ነው። ወንድሜ ከመርሳ ተነሥቶ ወደ ግራናና ከዚያም ወዲያ ወዳሉት የሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች በሞተር እየሄደ ዕንቁላልና ዶሮ ይገዛል፤ የገዛውንም በመርሳና በወልድያ ይሸጣል። እኔ በወልድያ ቤት ተከራይቼ የምማረው ከዚሁ በሚገኘው ገንዘብ ነውና የእርሱ ጎማ በተነፈሰ ቁጥር ነገሩ እኔንም ይነካኛል። ከመርሳ እስከ ወልድያ ያለው ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አስፋልት ነው፤ በመርሳም፣ በስሪንቃም፣ በወልድያም ጎሚስታ አይታጣም። ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ግን ስለታም ድንጋይና የግራር እሾኽ ይጠብቃል። ‹‹ሥራ ለሠሪው፣ እሾኽ ለአጣሪው›› ይባላል፤ በገጠር መንገድ ግን እሾኹ ከአጣሪው አልፎ ለመንገደኛውም ይተርፋል።

ወደ ሒሳቡ ከመግባቴ በፊት ስለ ጎማ ታሪክ ጥቂት ልበል። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ዳዶ፣ ካቴና የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ከመነዳሪ የምንለውም የውስጥ ጎማ ትርጓሜው በጣልያንኛ ‹‹የአየር ክፍል›› ማለት ነው። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረሩበት ጊዜ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ አሥመራ የሚሄደውን የመኪና መንገድ ሠርተው ነበር። ወራሪው ተሸንፎ ሄደ፤ የመኪናው ዕቃ ስም ግን ከባለሙያዎቻችን አፍ ሳይወጣ ቀረ።

በአየር የሚነፋውን ጎማ ለሥራ ያዋለው በቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ነው፤ ይኸውም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. ነበር። ያ ጎማ ከቸርኬው ጋር የተጣበቀ ስለ ነበረ አንድ ቀዳዳ ለመድፈን ብዙ ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ማጣበቂያው እስኪደርቅም ሌሊቱን ማሳደር ግድ ነበር። በ1891 ግን በፈረንሳይ አገር የሚሽለን ወንድማማቾች ከቸርኬው የሚላቀቅ ጎማ አወጡ። ተራ ሰው መንገድ ዳር ተቀምጦ የራሱን ጎማ መቀየር የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ የእኛ ጥያቄ ሊጠየቅ የበቃው በዚህ ፈጠራ ምክንያት መሆኑን ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ወንድሜ ገቢውንና ወጪውን በደብተር የሚጽፍ ሰው ነው። እኔም የሁለቱን ዓመት ገጾች ወስጄ ደመርኋቸው። ባለፈው ዓመት ጎማው 11 ጊዜ ተንፍሶ ሁሉም በጎሚስታ ተሠራ። ለአንድ ጊዜ 100 ብር ሲከፈል 1,100 ብር ይሆናል። ከእነዚህ መካከል 5ቱ የደረሱት ጎሚስታ በሌለበት ገጠር ነው። እዚያ ጎማውን አውልቆ በሌላ ሰው ሞተር ወደ ከተማ መላክና ማስመለስ ያስፈልጋል፤ ይህም በየጊዜው 200 ብር እየፈጀ 1,000 ብር ወሰደ። ድምሩ 2,100 ብር ነው።

በዚህ ዓመት ወንድሜ መሣሪያ ገዛ። ሁለት የጎማ መፈልቀቂያ ብረት፣ የእጅ መንፊያ፣ ቁልፎች፣ ማስቲሽና ልጣፊ በጠቅላላው 1,800 ብር ሆኑ። ሲለማመድም አንድ ከመነዳሪ በብረቱ ቆንጥጦ አበላሸ፤ ምትኩ 700 ብር ነበር። ጎማው በዚህ ዓመት የተነፈሰው 10 ጊዜ ነው። በገጠር የደረሱበትን 4ቱን ራሱ ሠራ፤ በከተማ የደረሱበትን 6ቱን ለጎሚስታ ሰጥቶ 600 ብር ከፈለ። ድምሩ 3,100 ብር መጣ። እንዲህ ሆኖ ሲታይ ሙያ መማር 1,000 ብር አክስሮታል! እናቴም ይህን በሰማች ጊዜ ‹‹ታዲያ ምን ያደክምሃል ልጄ?›› ብላዋለች።

ነገር ግን በደብተሩ ላይ ያልተጻፈ አንድ ወጪ አለ፤ እርሱም ቀን ነው። ባለፈው ዓመት በገጠር ጎማው በተነፈሰባቸው 5 ጊዜያት ወንድሜ ግማሽ ግማሽ ቀን በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ዶሮ በፀሐይ ታስሮ አይከርምም፤ ገበያም ሰውን አይጠብቅም። ግማሽ ቀን ሥራ ለእርሱ 400 ብር ያህል ስለሚያስገኝለት የጠፋው ቀን 2,000 ብር ያወጣል። ይህ ሲጨመር ያለፈው ዓመት ወጪ 4,100 ብር ይሆናል፤ የዚህ ዓመቱ ግን 3,100 እንደ ሆነ ይቀራል። ክሳራ የመሰለው ወደ 1,000 ብር ትርፍ ተለወጠ። ከዚህም በላይ ብረቱና መንፊያው ለከርሞም አሉ፤ የሚያልቀው ማስቲሹና ልጣፊው ብቻ ነው።

የከመነዳሪ ዋጋ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ይህ ከውጭ ለሚመጣ ዕቃ ምን ማለት እንደ ሆነ ሻጩም ገዢውም ያውቀዋል። ስለዚህ ጠግኖ ማቆየት ከመጣል ይሻላል።

ሙያውን ለወንድሜ ያስተማረው ማን እንደ ሆነ ስናገር ትገረሙ ይሆናል፤ ያስተማሩት ራሳቸው በመርሳ ያሉ አንድ አዛውንት ጎሚስታ ናቸው። ወንድሜ አፍሮ ‹‹ጋሼ፣ እንጀራዎን የምሻማ እንዳይመስልዎ›› ቢላቸው እየሳቁ፣ ‹‹አብሽር! በገጠር የሚተነፍሰው ጎማ ድሮም የእኔ አልነበረም። በከተማ የሚተነፍሰውን ግን መቸኮልህ አይቀርምና አንተው ታመጣልኛለህ›› አሉት። እንዳሉትም ሆነ። እርሳቸው በ20 ደቂቃ የሚጨርሱትን ወንድሜ በአንድ ሰዓት ነው የሚጨርሰው። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ስመለከት ‹‹አንቺስ ልጅ? ነይ ያዢ እንጂ! እጅሽን ዘይት ቢነካው በሳሙና ይለቃል፤ አለማወቅ ግን በሳሙና አይለቅም›› ብለው ብረቱን ሰጡኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሞተሩ በማቆሚያው ላይ ይቆማል፤ ጎማውን የያዘው ረጅም ብረት ዳዶው ተፈትቶ ይወጣል፤ ካቴናውና የኋላ ፍሬኑ ይለያሉ። የቀረው ንፋስ በሙሉ ይለቀቃል። ብልሃቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የቸርኬው መካከል ከጠርዙ ይልቅ ጎድጎድ ያለ ነው። በአንድ ወገን በብረት ስንፈለቅቅ በማዶ ያለው የጎማ ከንፈር ወደዚያ ጎድጓዳ ካልገባ ጎልማሳ ቢረባረብ ጎማው አይወጣም፤ በጉልበት ተጭነን ካስገባነው ግን የእኔ ክንድ እንኳ ይበቃዋል። በፊዚክስ ክፍል ስለ ማንሻ የተማርነው ሁሉ እዚህ ላይ ይታያል።

ከመነዳሪው ወጥቶ ይነፋና ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ አረፋ የሚወጣበት ስፍራ ቀዳዳው ነው። ቦታው ደርቆ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ ማስቲሽ ይቀባል፤ ማስቲሹ በጣት ላይ የማይለጠፍ እስኪሆን ተጠብቆ ልጣፊው ይጫናል። ችኩል ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎም የጎማው ውስጥ በጨርቅ ይዳሰሳል፤ እሾኹ እዚያው ከቀረ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነውና። ከመነዳሪው ሲመለስ ጥቂት ንፋስ ይኑረው፤ ባዶ ከሆነ ይታጠፍና ብረቱ ይቆነጥጠዋል። ከመነዳሪ የሌላቸው ጎማዎች ግን ቸርኬው ሳይወልቅ ከውጭ ስለሚደፈኑ ሥራቸው ከዚህ ይቀላል።

ሙያውን ማወቅ በደብተር የማይገባ ሌላም ጥቅም አለው። በዚህ ዓመት በአንድ ስፍራ ወንድሜ ጎማውን አሠርቶ ሊነሣ ሲል እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ቢመለከት፣ የኋላው ጎማ ዳዶ በጣት ብቻ ገብቶ ሳይጠብቅ ቀርቶ ነበር። ሠሪው ብዙ ሰው ስለሚጠብቀው ቸኩሏል። ወንድሜ ቁልፉን አውጥቶ አጠበቀው፤ ፍሬኑንም ረግጦ ሞከረና መንገዱን ቀጠለ። የት መመልከት እንዳለበት ባያውቅ ኖሮ በዚያ ቁልቁለት ላይ ምን ይደርስ እንደ ነበር እናቴ እስከ ዛሬ አልሰማችም፤ ይህን መጽሔት ስታነብ ትሰማለች። ሙያ የሌለው ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን ዕቃ አያውቀውም፤ ሙያ ያለው ግን ሌላው ሲሠራለትም ዐይኑ ክፍት ነው።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። በከተማ፣ ጎሚስታው በአጠገብ ሳለ፣ 100 ብሩን መክፈል አይቆጭም፤ የምንከፍለው ስለ ፍጥነቱና ስለ ብዙ ዓመት ልምዱ ነው። በገጠር ግን ሺህ ብር በኪስ ቢኖር ከፋዩን እንጂ ሠሪውን አናገኝም። ገንዘብ የሚሠራው ሻጭ ባለበት ነው፤ ዕውቀት ግን ከባለቤቱ ጋር በሁሉም መንገድ ይሄዳል። ክርክሩ በመርሳና በግራና መካከል እንዲህ ተፈትቷል።

ባለ እጅን መናቅ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው በሽታው ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበረ ያሳያል። ስድቡ ቢቀርም ‹‹ትምህርት ካልሆነልህ ጎሚስታ ትሆናለህ›› የሚል ማስፈራሪያ ዛሬም በየቤቱ ይሰማል። ውድ ወላጆቻችን ሆይ፣ ይህን ቃል ብትተዉልን እንወዳለን፤ እኔ ከእኒያ አዛውንት የተማርሁት በፈተና ወረቀት ላይ ከማገኘው ምልክት አያንስምና።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ልመና አለኝ። አንድ አሮጌ ጎማ ከነቸርኬው፣ ሁለት ብረትና አንድ መንፊያ ቢገኙልን፣ ቅዳሜ ጠዋት የምንማማርበት ትንሽ ክበብ ሊቋቋም ይችላል። ጎማውን ወንድሜ እንዲሰጠን ለምኜ እሺ ብሎኛል፤ ልጣፊ እንዴት እንደሚጫን ለማሳየት ደግሞ እኔ አለሁ።