ማይክሮፎኑ የማን ነው?



በሐይቅ ከተማ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ባጃጅ የተሳፈረ ሰው የሳምንቱን ዘፈን ሳይወድ በግዱ ይሸመድዳል። አንዱ ባጃጅ ላይ የተጀመረው ሌላው ላይ ያልቃል። ልጆቻችንም ቤት ገብተው ያንኑ ያዜማሉ። ወላጆች ይህን ጉዳይ በጸሎት ኅብረት ላይ ሲያነሡት ብዙ ጊዜ ክርክሩ «ዘፈን ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም?» በሚለው ላይ ይቆማል። እኛ አገልጋዮች ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ እንላለን፤ ይህን አንድ ዘፈን ዛሬ አሥር ጊዜ እንድንሰማው የወሰነው ማን ነው?

«ሕዝቡ ስለ ወደደው ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ግማሹ እውነት ነው። ሕዝብ ግን የሚወደው ከሰማው መካከል ነው፤ የሚሰማውን ደግሞ ሌላ ሰው መርጦለታል።

አሠራሩን ለማያውቅ ወገን እንንገር። በኤፍ ኤም ጣቢያዎቻችን ከምንሰማቸው የመዝናኛ ዝግጅቶች ብዙዎቹን የሚሠሯቸው የጣቢያው ሠራተኞች አይደሉም። ተባባሪ አዘጋጅ የሚባሉ ሰዎች ከጣቢያው የአየር ሰዓት ይገዛሉ፤ ስፖንሰር ፈልገው ዋጋውን ይሸፍናሉ፤ የተረፈው እንጀራቸው ነው። ስፖንሰሩ የሚከፍለው ለብዙ ጆሮ ነው። ብዙ ጆሮ ደግሞ አስቀድሞ በታወቀ ዘፈን ቶሎ ይያዛል። ስለዚህ አዘጋጁ ክፉ ሰው ባይሆንም፣ ስሙ ያልታወቀ ልጅ ከገጠር ይዞት የመጣውን ዜማ ለመሞከር አይደፍርም። የቤት ኪራይ አለበታ!

ይህ በግልጽ የታየው በ2011 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። እኛ አማኞች ደስ አለን፤ ደስ ሊለንም ይገባል። ግን ነገሩ ሌላም ነገር ገለጠ። በቢራ ገንዘብ ይቆሙ የነበሩ የስፖርትና የሙዚቃ ዝግጅቶች በአንድ ጊዜ ሌላ ደጋፊ መፈለግ ነበረባቸው። አድማጩ ዝግጅቱን በነጻ የሚሰማ ይመስለው ነበር፤ ሒሳቡን ግን ጠማቂው ሲከፍልለት ኖሯል።

ባለቤት ሲለያይ ድምፁም ይለያያል። ፋና በ1987 ዓ.ም. ሲጀመር የገዥው ፓርቲ ሬዲዮ ሆኖ ነው፤ ያንን ዘመን ያስታወሰ ሰው ምን ይነገርበት፣ ምን ይታለፍበት እንደ ነበር ያውቃል። ሸገር 102.1 ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ የግል ኤፍ ኤም ጣቢያዎች አንዱ ነው። መሥራቿ ጋዜጠኛ መዓዛ ብሩ የድሮ ዘፈኖችንና ረጅም ጨዋታን ስለ ወደደች ጣቢያውም ያንን ጠባይ ይዟል። ደሴም የፋናና የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ኤፍ ኤም ጣቢያዎች አሏት፤ የሁለቱም ባለቤት ግን ሐይቅ ውስጥ አይኖርም።

በአሜሪካ ነገሩ እስከ ጥግ ሄዶ ታይቷል። እስከ እ.ኤ.አ. 1996 አንድ ባለቤት በመላ አገሪቱ ከ40 በላይ የሬዲዮ ጣቢያ እንዳይዝ ሕግ ይከለክለው ነበር። በዚያ ዓመት ገደቡ ተነሣ። ክሊር ቻናል የተባለው ድርጅት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,200 በላይ ጣቢያዎችን ሰበሰበ። የዘፈን ዝርዝሩ ከማእከል ይወጣ ጀመር፤ አንድ አቅራቢ ከሩቅ ከተማ ሆኖ ድምፁን ቀድቶ፣ ረግጧት በማያውቃት ከተማ የጎረቤት ልጅ መስሎ ያወራ ጀመር። ማይኖት በምትባል ከተማ ስድስቱም የንግድ ጣቢያዎች የዚሁ ድርጅት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጥር 2002 ሌሊት መርዛማ ጋዝ የጫነ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ሲገለበጥ፣ ፖሊስ ሕዝቡን ለማስጠንቀቅ ወደ ጣቢያው ቢደውል ቶሎ የሚያነሣለት ሰው አላገኘም። የዚያ ሌሊት ነገር በኋላ ብዙ አከራክሯል፤ እኛን የሚከነክነን ግን ስድስት ጣቢያ ያላት ከተማ አንድ ጎረቤት ማጣቷ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የወንጌል አማኞችም ባለቤት የሆንበት ዘመን ነበር። ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ተመረቀ። ባለቤቱ የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ነበር። ጌጃ ላይ የተተከሉት ሁለት ማሠራጫዎች እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት ጉልበት ነበራቸው፤ ድምፁ ከአፍሪካ አልፎ እስከ እስያ ይሰማ ነበር። ብዙዎቻችሁ ቀኑን ሙሉ ስብከት ይመስላችሁ ይሆናል። አልነበረም። ከመቶ ሠላሳው ያህል የወንጌል ዝግጅት ሲሆን ሰባው ትምህርት፣ ጤና፣ እርሻ፣ ዜናና ሙዚቃ ነበር። ባለቤቱ ሰውን በሁለንተናው ማገልገል አለብን ብሎ ስላመነ ሰዓቱን እንዲህ ከፈለው። ሳሙና ሻጭ አላዘዘውም። እርግጥ ነው፣ ገንዘቡ የመጣው ከውጭ አብያተ ክርስቲያናት ነው፤ ፈቃዱም የመንግሥት ነበር። ንጹሕ ነጻነት ያለው ሬዲዮ በምድር ላይ አላየንም።

መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰው። ስሙ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። አንቴናው ያው ነው፤ ስቱዲዮው ያው ነው፤ የሚነገረው ግን ሌላ ሆነ። እኛ ያኔ ሕፃናት ነበርን። ሽማግሌዎቻችን ሲያወሩት ግን ሬዲዮናቸው የተበላሸ መስሏቸው ደጋግመው ይጠመዝዙት እንደ ነበር ሰምተናል።

ከዚያ በኋላ በሩ ለረጅም ጊዜ ተዘጋ። ደርግ ከወደቀ በኋላ እንኳ የወጣው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533/1999 የሃይማኖት ድርጅት ፈቃድ እንዳያገኝ ይከለክል ነበር። የአማርኛ የመዝሙርና የስብከት ጣቢያዎች በሳተላይት በኩል የበዙት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ለብዙ ቤት በረከት ሆነዋል፤ እንመሰክራለን። ነገር ግን በእነርሱም ዘንድ ሰዓት ይሸጣል። ከመቄላ ገጠር የመጣ ወንጌላዊ የሚከፍለው የለውም፤ በየምሽቱ የምናየው የሚከፍለውን ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ ሁለት ላይ የወርቅ ቀለበት ያደረገው ሰው ወደ ጉባኤ ሲገባ መልካሙ ስፍራ እንደሚሰጠው፣ ድሀው ግን ቁም እንደሚባል ይነግረናል። ዛሬ መልካሙ ስፍራ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው።

ይህን የምንጽፈው በሩቅ ቆመን አይደለም። በአጥቢያችን ያሉ ወጣቶች በአምባሰል ቅኝት መዝሙር ሠርተዋል። ከታወቁት አራት ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎ የቦታ ስም የያዙ ናቸው። ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን አገር ሁሉ እንዲያውቀው አድርጋለች፤ የራሱ የአምባሰል ልጅ ግን ዛሬ መዝሙር ሲሠራ ቀድሞ የሚነሣው ኪቦርዱን ነው፤ የሚሰማው እርሱን ነውና። እነዚህ ልጆች ማሲንቆ አነሡ። ሰምተን አለቀስን።

ለግማሽ ሰዓት ዝግጅት ከአንድ ጣቢያ ዋጋ ጠየቅን። የተነገረን የአጥቢያችንን የብዙ ወራት መባ የሚበላ ነው። በዚህ መካከል አንድ ነጋዴ ወንድማችን «እኔ ልክፈል» አለ። ልቡ ቅን ነው፤ እናውቀዋለን። ሁለት ነገር ግን ጠየቀ። የሱቁ ስም በመግቢያውና በመውጫው ላይ ይጠራ፤ መዝሙሮቹም አዲስ አበባ ካለ አንድ ስመ ጥር ዘማሪ ይሁኑ። «የልጆቹን ማን ይሰማዋል? ሰው የሚፈልገው የሚያውቀውን ነው» አለን።

ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ተቀምጠናል። አንዳንዶቻችን የሱቁ ስም ቢጠራ ምንም አይደለም፣ መዝሙሩ ላይ ግን አንነካካ እንላለን። ሌሎቻችን ወንጌሉ ይሰማ እንጂ ዘማሪው ማንም ይሁን ይላሉ፤ ይህም ቀላል ክርክር አይደለም፤ ጳውሎስን ይዘው ነው የሚናገሩት። አንድ አዛውንት አባታችን ደግሞ ገንዘቡ ይቅርና ልጆቹ በስልክ ቀድተው በቴሌግራም ይላኩት፣ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ያለው ወገን ይድረሰው፣ ይበቃናል አሉ። «ግማሽ ሰዓት ለመግዛት ማሲንቆውን ከሸጥን፣ በግማሽ ሰዓቱ ምን ልናሰማ ነው?» ብለው ጠየቁን።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ እንቀመጣለን። ነጋዴው ወንድማችን እንዲገኝ ጠርተነዋል፤ ልጆቹም ማሲንቆውን ይዘው ይመጣሉ።