የታፔላው ዋጋና የመንገዱ ዋጋ

ሰው ዕቃ ሲገዛ ሁለት ጊዜ ይከፍላል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። የመጀመሪያውን ክፍያ በገበያው ላይ ቆጥሮ ይሰጣል፤ ሁለተኛውን ግን ዕቃው ከቤቱ ከገባ በኋላ ቀስ በቀስ፣ ሳይታወቀው ይገብራል። ይህ እውነት በህንድ የአውቶሞቢል ገበያ ጎልቶ ይታያል። በዚያ አገር አንድ አዲስ መኪና ሁለት የዋጋ ስሞች አሉት። አንደኛው «ኤክስ ሾውሩም» ይባላል፤ መኪናው በሻጩ አዳራሽ ውስጥ እንደ ቆመ ያለው ዋጋ ማለት ነው። ሁለተኛው «ኦን ሮድ» ነው፤ ይህም መኪናው የክልሉን ግብር ከፍሎ፣ መድን ገብቶና ታርጋ ለጥፎ በሕጋዊ መንገድ አስፋልት ሲረግጥ የሚደርስበት ዋጋ ነው። በአውራ ጎዳናው ታፔላ ላይ በትልልቅ አኃዝ የሚጻፈው የመጀመሪያው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከመሸጫው አዳራሽ ገብቶ ወንበር ስቦ ለተቀመጠ ሰው ብቻ የሚነገር ነው።

በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ርቀት በታታ ናኖ ታሪክ ውስጥ በግልጽ ይነበባል። ባለሀብቱ ራታን ታታ አባት፣ እናትና ልጆች በአንድ ስኩተር ላይ ተደራርበው ሲጓዙ ማየታቸው ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ የሚሆን መኪና ወደ መሥራት እንደ መራቸው ይናገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ናኖ ለሕዝብ ስትታይ «የአንድ ላክ መኪና» ተባለች። ላክ በህንዶች አቆጣጠር 100,000 ነው። ይሁን እንጂ ያ 100,000 ሩፒ ታክስንና ማጓጓዣን የማይጨምር ዋጋ ነበር፤ አንድ ላክ ብቻ ቋጥሮ የሄደ ሰው መኪናዋን ይዞ ወደ ቤቱ አይመለስም። በድሃው ስም የተነገረው ዋጋ እንኳ ከመንገዱ ዋጋ ያነሰ ነበር ማለት ነው። የናኖ ምርትም እ.ኤ.አ. በ2018 ቆመ።

ከናኖ ከፍ ብሎ ያለው መካከለኛው ሴዳን ደግሞ፣ ማለትም የኋላ ዕቃ መጫኛው ተለይቶ የወጣው የቤት አውቶሞቢል፣ በህንድ መካከለኛ መደብ ዘንድ የራሱ ክብር አለው። ሆንዳ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ አገሪቱ ከገባ ወዲህ፣ በኋላም ሀዩንዳይ ቬርና፣ ስኮዳ ስላቪያና ቮልስዋገን ቪርቱስ ሲከተሉ፣ በደጅ የቆመ ሴዳን ለወግ ማዕረግ የመብቃት ምልክት ሆኖ ኖሯል። በቅርብ ዓመታት ከፍ ያሉ መኪኖች ገበያውን ቢሻሙትም ምልክቱ ጨርሶ አልደበዘዘም።

በቤንጋሉሩ ከተማ የሚኖር አንድ መምህር በምሳሌነት ይወሰድ። ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ፣ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት ነው እንበል። አባቱ ዕድሜውን ሙሉ በስኩተር የተመላለሰ ሰው ነው። መምህሩ በብዙ ዓመት ያጠራቀመው 600,000 ሩፒ አለው። ታፔላው ላይ ያየው ሴዳን 1,200,000 ሩፒ ይላል። ባንክ 1,000,000 ካበደረው ከራሱ የሚያወጣው 200,000 ይሆናል፤ የቀረው 400,000 ለልጁ የኮሌጅ ትምህርት ይቀመጣል። ሒሳቡ ቀና ነው፤ ጉድለቱ ከታፔላው መነሣቱ ነው።

በመጀመሪያ ያ 1,200,000 ራሱ ምን እንደ ያዘ ማየት ይገባል። ህንድ የዕቃና የአገልግሎት ታክስ የተባለውን አንድ ወጥ ግብር እ.ኤ.አ. በጁላይ 2017 ካወጣች በኋላ፣ በመካከለኛ መኪና ላይ 28 በመቶ ታክስና 17 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ፣ በጠቅላላው 45 በመቶ ይጣል ነበር። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 22 ቀን 2025 ጀምሮ ይህ ወደ 40 በመቶ ዝቅ ብሏል። ስለዚህ በ1,200,000 ሩፒ ውስጥ የመኪናው ዋጋ 857,000 ገደማ ሲሆን፣ 343,000 ያህሉ የመንግሥት ድርሻ ነው። ገዢው ይህን ለብቻው አያየውም፤ ከዋጋው ጋር ተዋሕዶ ይከፍለዋል።

እዚህ ላይ የህንድ ሕግ አንድ አስገራሚ ጠባይ አለው፤ መኪናን በሜትር ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2006 መንግሥት ርዝመታቸው ከ4 ሜትር ለማይበልጥ፣ ሞተራቸውም ትንሽ ለሆነ መኪኖች የኤክሳይዝ ታክሱን ከ24 ወደ 16 በመቶ ቀነሰ። አምራቾችም መቀስ አነሡ። ስዊፍት ዲዛየር የተባለው ሴዳን እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ 4 ሜትር ከ16 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በአዲስ መልክ ሲመጣ ጅራቱ ተቆርጦ ከ4 ሜትር በ5 ሚሊ ሜትር አንሶ ተገኘ። ልዩነቱ ዛሬም አለ፤ ከ4 ሜትር በታች የሆነውና ሞተሩ አነስተኛ የሆነው መኪና 18 በመቶ ታክስ ሲከፍል፣ ከዚያ ያለፈው 40 በመቶ ይከፍላል። መካከለኛ ሴዳን የሚገዛ ሰው ከኋላ ወንበሩ ስፋትና ከዕቃ መጫኛው ርዝመት ጋር ይህን የታክስ ልዩነትም አብሮ ይገዛል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የክልሉ መንግሥት ነው። የመንገድ ግብር በህንድ የየክልሉ ሥልጣን ስለሆነ፣ ያው መኪና በየከተማው የተለያየ ገንዘብ ያስወጣል። በዴልሂ ከ10 ላክ በላይ የሆነ የቤንዚን መኪና የሚከፍለው መጠን 10 በመቶ ሲሆን፣ ካርናታካ ከ10 እስከ 20 ላክ ለሚያወጣ መኪና 17 በመቶ፣ በዚያም ግብር ላይ ደግሞ 11 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ትጠይቃለች። የቤንጋሉሩ ሰው የሆነው መምህር 204,000 ሩፒ ግብርና 22,440 ሩፒ ቀረጥ፣ በድምሩ 226,440 ሩፒ ይከፍላል። በዴልሂ ቢኖር 120,000 በበቃው ነበር። ግብሩ የሚሰላው የማዕከላዊው መንግሥት ታክስ በገባበት ዋጋ ላይ ስለሆነ፣ ታክስ በታክስ ላይ ይከመራል። በሌላ ክልል አስመዝግቦ ማምለጥም አያዛልቅም፤ መኪናው በአንድ ክልል ከ12 ወር በላይ ከቆየ እዚያው እንደገና እንዲመዘገብ ሕጉ ያስገድዳል።

ሦስተኛው መድን ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ሲሆን፣ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ መሠረት እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው የሦስት ዓመቱን በአንድ ጊዜ መክፈል አለበት። ትእዛዙ የመጣው ብዙዎች የመጀመሪያው ዓመት ካለፈ በኋላ መድናቸውን ስለማያድሱ፣ በአደጋ የተጎዱት ያለ ካሣ ስለሚቀሩ ነበር። ስለዚህ ይህ ወጪ መራራ ቢሆንም ፍትሕ አለበት። የራስን መኪና ጉዳት የሚሸፍነው መድን ግን ሌላ ነው። ሻጩ ከአንድ የመድን ኩባንያ ጋር አስማምቶ ያቀርበዋል፤ ገዢው ከሌላ ቦታ የመግዛት መብት እንዳለው የሚነግረው ሻጭ ብዙ አይደለም። መድን ገቢውም ሌላ ነገር መገንዘብ አለበት። ለመኪናው የሚገመተው ዋጋ ገና በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በ5 በመቶ ይቀነሳል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ቅናሹ 20 በመቶ ይደርሳል። በተለመደው ውል መኪናው ቢሰረቅ የሚመለሰው ይህ ግምት እንጂ ለክልሉ የተከፈለው ግብር አይደለም።

ከእነዚህ በኋላ የጥቃቅኖቹ ሰልፍ ይጀምራል። ከ10 ላክ በላይ ለሆነ መኪና ሻጩ 1 በመቶ ተቀብሎ ለገቢ ግብር ያስገባል፤ እ.ኤ.አ. ከጁን 2016 ጀምሮ ያለ ደንብ ነው። ይህ ገንዘብ በዓመቱ የገቢ ግብር ላይ ይታሰባል፤ ነገር ግን ዛሬ ከኪስ ይወጣል፣ መልሶ ለመጠየቅ የሚያውቅም ብቻ ያገኘዋል። ለምዝገባ፣ ባንኩ ያለበት ዕዳ በሊብሬው ላይ ለሚሰፍርበት፣ በመስተዋቱ ላይ ለሚለጠፈው የመንገድ ክፍያ ምልክት፣ ለፋስታግ፣ እያንዳንዱ ጥቂት ይጠይቃል። ከዚያም ግዴታ ያልሆኑት ይመጣሉ። የተራዘመ ዋስትና፣ የቀለም መከላከያ ቅብ፣ ምንጣፍ፣ የወንበር ልብስ፣ አንዳንዴም «የአያያዝ ክፍያ» የሚባል፣ ምን እንደ ተያዘበት የማይታወቅ ነገር። ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ ተደርድረው ሲቀርቡ ግዴታውና ፈቃዱ አይለያዩም። 1,200,000 ለመክፈል የወሰነ ሰው በ8,000 ሩፒ ምንጣፍ ሲከራከር ራሱን ይታዘባል፤ ሻጩም ይህን ያውቃል።

አሁን ድምሩ ይታይ። መድኑ 50,000፣ የ1 በመቶው ተቀማጭ 12,000፣ የምዝገባና የመሳሰሉት ጥቃቅን ክፍያዎች 3,000፣ ዋስትናውና ዕቃዎቹ 30,000 ቢገመቱ፣ ከክልሉ ግብር ጋር የመንገዱ ዋጋ 1,521,440 ሩፒ ይሆናል። ባንኩ ያው 1,000,000 ካበደረ መምህሩ ከራሱ የሚያወጣው 200,000 መሆኑ ቀርቶ 521,440 ሆነ ማለት ነው። ለልጁ ትምህርት የታሰበው 400,000 ሳይነካ የሚቆይ መስሎ ነበር፤ የተረፈው 78,560 ነው። ማንም ሰው ከዚህ ቤት ተቀምጦ «የልጃችንን ገንዘብ ለመኪና እናድርገው» ብሎ አልወሰነም። ውሳኔው በየመስመሩ፣ በየፊርማው ተቆራርጦ አለፈ። የዚህ ዓይነቱ አገዛዝ ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ ከገንዘቡ ማነስ ይልቅ ሳይመከርበት መሄዱ ይብሳል።

ሒሳቡም በአዳራሹ በር አያበቃም። 1,000,000 ሩፒ በ9 በመቶ ወለድ በአምስት ዓመት ሲከፈል በወር 20,758 ሩፒ ይሆናል፤ ወለዱ ብቻ 245,500 ገደማ ነው። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ መኪናው በሊትር 15 ኪሎ ሜትር ቢሄድና ቤንዚኑ ሊትሩ 100 ሩፒ ገደማ ቢታሰብ፣ በአምስት ዓመት 400,000 ሩፒ ይቃጠላል። ለመድን እድሳት 100,000፣ ለሰርቪስና ለጎማ 90,000 ቢጨመር፣ ያ የ1 በመቶው ተቀማጭም ቢመለስ፣ ጠቅላላው ወደ 2,345,000 ይጠጋል። ከአምስት ዓመት በኋላ መኪናው በ600,000 ቢሸጥ፣ የተጣራው ወጪ 1,745,000 ያህል ነው። ለ60,000 ኪሎ ሜትር ሲካፈል ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 29 ሩፒ፣ በወር ደግሞ 29,000 ሩፒ ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ከሌላ ቁጥር ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ኢትዮጵያውያን «ባጃጅ» የሚሏት ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ስሟን ያገኘችው ከህንዱ አምራች ኩባንያ ነው፤ በአገሯ ግን «አውቶ» ትባላለች። በቤንጋሉሩ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 በጸናው ታሪፍ አውቶ ለመጀመሪያዎቹ 2 ኪሎ ሜትር 36 ሩፒ፣ ከዚያ በኋላ ለየኪሎ ሜትሩ 18 ሩፒ ታስከፍላለች። አሽከርካሪዎቹ በታሪፉ ሁልጊዜ ባይገዙም፣ የመምህሩ ሴዳን በኪሎ ሜትር ከአውቶዋ በ11 ሩፒ ይበልጣል። ለአሽከርካሪ ደመወዝ፣ ለመኪና ማቆሚያና ለቅጣት የሚወጣው ገና አልተቆጠረም።

ታዲያ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ለምን ይገዛል? ሒሳብ ሁሉን ስለማይቆጥር ነው። የዝናቡ ወራት ሲገባ ልጅን ከስኩተር ኋላ አስቀምጦ በጎርፍ መካከል የነዳ አባት የሚያውቀው ፍርሃት በሩፒ አይተመንም። በእኩለ ሌሊት የታመመች እናትን ወደ ሐኪም ለማድረስ ደጅ የቆመ መኪና መኖሩ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትዘገይ ሄዶ የማምጣት ዐቅም፣ ያን ሁሉ ዘመን በስኩተር የኖረን አዛውንት ከፊት ወንበር የማስቀመጥ ደስታ፣ እነዚህ ሁሉ ዋጋ አላቸው። አዲስ መኪና የሚረከቡ የሂንዱ ቤተሰቦች የአበባ ጉንጉን ያለብሱታል፤ ኮኮናት ይሰብራሉ፤ ከጎማዎቹ ሥር ሎሚ አኑረው እየፈረጡ ይነዱታል። ብዙዎችም ከዲዋሊ በዓል ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የሚውለውን የዳንተራስ ዕለት ጠብቀው ይረከባሉ። ይህን ደስታ ከንቱ ነው የሚል ሰው፣ አባቱ በዝናብ ሲበሰብስ ያላየ ሰው ብቻ ነው።

ነገር ግን ደስታው እንዲሰነብት ከሒሳቡ በኋላ እንጂ በፊቱ መምጣት የለበትም። መምህሩ ከመኪናው ጋር ልቡ ሳይጣበቅ የ«ኦን ሮድ» ዋጋውን መስመር በመስመር የሚያሳይ ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል። ግዴታ የሆነውን ካልሆነው ለይቶ የኋለኛውን ሊሰርዝ፣ መድኑንም ከሁለትና ከሦስት ቦታ አስዋግቶ ሊገዛ ይችላል። ከ4 ሜትር ያነሰ ሴዳን ቢመርጥ በማዕከላዊው ታክስም በክልሉ ግብርም ይቀልለታል፤ ልጁም የኮሌጅ ገንዘቧን አታጣም። ወይም ሁሉን አይቶ፣ ከሚስቱ ጋር መክሮ፣ ትልቁን ሊገዛ ይችላል። ያን ጊዜ 521,440 ሩፒ ቢያወጣም የሚያወጣውን ያውቃል፤ የልጁንም ድርሻ በምን እንደሚተካ አስቀድሞ ያስባል።

በእንዲህ ያለ ቤት ወጪን የምትይዘው ብዙ ጊዜ ሚስት ናት። የሻጩ ወረቀት ገበታ ላይ ሲዘረጋ ስለ ቀለሙና ስለ መስኮቱ ከመጠየቋ በፊት «ይህ በወር ስንት ይፈልጋል?» ብላ ብትጠይቅ፣ መልሱ 20,758 ሳይሆን 29,000 መሆኑን ባልየው መናገር መቻል አለበት። ያን መልስ ከሰሙ በኋላ የሚስማሙ ባልና ሚስት መኪናውን በእውነት ገዝተውታል።