የተዋስኩት ሰዓት

አምና ከመስጂዳችን ወጣቶች ጋር ላንጋኖ ልንዝናና ስንሄድ፣ ከዱባይ የመጣው የእህቴ ባል ውድ የስዊዝ ሰዓቱን አዋሰኝ። ብረት እንጂ ወርቅ ስላልሆነ «ለወንድ ችግር የለውም» ብዬ አሰርኩት። ኒያዬን ግን አልጠየቅኩም፤ ወላሂ፣ ያሰርኩት እንዲታይልኝ ነበር።

ጀርባው ላይ «30 ሜትር» ይላል። «እኔ የምገባው ደረቴ ድረስ ነው፤ ምን ይሆናል?» ብዬ ከነሰዓቱ ስዋኝ ዋልኩ። ለዙህር ዉዱእ ላደርግ ሳወልቀው መስታወቱ ከውስጥ ጤዛ ይዟል። ሶፍ ውስጥ ቆሜ ልቤ ኪሴ ውስጥ ነበር።

መርካቶ ያለ ሰዓት ጠጋኝ እየሳቀ አስረዳኝ። 30 ሜትር ማለት ሰዓቱ የተፈተነበት የውሃ ግፊት እንጂ የሚዋኙበት ጥልቀት አይደለም። ለዝናብና ለእጅ መታጠብ ይበቃል። ለዋና ቢያንስ 100 ሜትር የሚል፣ የጎን ቁልፉም በደንብ የተዘጋ መሆን አለበት። ውሃ የሚከለክለው ጎማም በዕድሜ ስለሚደርቅ በየጊዜው ይታያል።

ለባለቤቱ እውነቱን ነገርኩት። አውፍ አለኝ፤ አማና ነውና የጥገናውን ግን ከደሞዜ ቀስ በቀስ ከፈልኩ።

ወንድሜ፣ ውድ ሰዓት ማሰር ሀራም ነው አልልህም። ልብህን ይዞ የሚቀር ከሆነ ግን ቤት ተወው። ዘንድሮ ያለ ሰዓት ሄድኩ። ዙህር መድረሱን ከጓደኛዬ ስልክ አዛን ሰማሁ፤ ልቤም አብሮኝ ሰገደ። አልሀምዱሊላህ።