ፎቶ የሌላቸው አያታችን

ባለፈው ዓመት ነው። አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ከተማ የምትኖረው እኅታችን ደወለችና «የእናዬ ፎቶ ከማን ዘንድ አለ?» ስትል ጠየቀችን። ልጅዋ የቤተሰቧን የትውልድ ሐረግ ከነፎቶው ሠርታ እንድታመጣ በትምህርት ቤት ታዝዛ ኖሯል። የሌላው ሁሉ ተገኝቶ የቅድመ አያቷ ቦታ ብቻ ባዶ ቀረ። ወልድያና ላሊበላ ያለነው ወንድምና እኅቶቿ ሣጥን ፈተሽን፤ የድሮ መታወቂያና የዕቁብ ደብተር ሳይቀር ገለባበጥን። የለም። ነገሩም አያስገርምም፤ እናዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፎቶ እሺ ብለው ተነሥተው አያውቁም።

እናዬ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የላስታ ደጋ ሰው ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ወደ ላሊበላ ሲወርዱ ፈረንጅ ካሜራ ካነሣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ዞር ይሉ ነበር። በፎቶ ጉዳይ ዑለማዎች ይለያያሉ፤ ነፍስ ያለውን ከመሣል ጋር ደምረው የሚከለክሉት አሉ፤ የግብፁ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒይ ደግሞ ፎቶ ጥላን እንደማሰር ነው ብለው ፈቅደዋል። እናዬ ይህን ክርክር አልሰሙም። የመንደራቸው ሸህ ያሉት በቅቷቸዋል።

አንድ ሌሊት ግን አንድ ነገር ሆነ። ከዒሻ ሶላት በኋላ ነው። ኩራዙ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ እናዬ ጎናቸውን ሰጥተው ጥጥ ይፈትላሉ። ጥላቸው በጭቃ በተመረገው ግድግዳ ላይ ከነአፍንጫቸው፣ ከነሻሻቸው ቋጠሮ ወድቋል። ታላቅ ወንድማችን ከሰል አነሣና ዳር ዳሩን ተከትሎ አሰመረው። ዱላ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ እናዬ ዞር ብለው አዩትና «ዓይን የለው፣ አፍ የለው፤ ይኼማ ጥላ ነው። ተዉት» አሉ። ለወራት ቆየ። ለዐረፋ ቤቱ በእበትና በነጭ አፈር ሲለቀለቅ አብሮ ጠፋ። የለቀለቁት ራሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ ማናችንም አላዘንንም።

ይህን ለእኅታችን ብናስታውሳት «ይኼማ እዚህ አገር ሙያ ነበር እኮ!» አለች። ውድ አንባብያን፣ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ለዓለም ከመታወጁ በፊት፣ ለሠዓሊ የሚከፍለው የሌለው አሜሪካዊ የጎን ገጽታውን ከወረቀት ያስቆርጥ ነበር። ቻርለስ ዊልሰን ፒል የተባለው ሠዓሊ በፊላደልፊያ ባቋቋመው ሙዚየም ውስጥ የፊትን ጠርዝ ተከትሎ፣ አሳንሶ ወረቀት ላይ የሚያሰምር መሣሪያ ነበረ። ወረቀቱ ለአራት ይታጠፋል፤ መስመሩ በመቀስ ሲቆረጥ መሐሉ ይወድቃል፤ የተቀደደው ነጭ ወረቀት ጥቁር ላይ ሲደረብ የሰውየው መልክ ይወጣል። በአንድ ቆረጣ አራት ምስል! ቆራጩ ሞዝስ ዊሊያምስ ይባላል፤ በፒል ቤት በባርነት ያደገ፣ እ.ኤ.አ. በ1802 ነፃ የወጣ ጥቁር ነው። ዋጋው ስምንት ሳንቲም ነበር። በማግሥቱ ዓመት ከስምንት ሺህ በላይ እንደቆረጠ ፒል ጽፏል። ሙዚየሙ በወረቀቱ ላይ ማኅተሙን ያሳርፋል እንጂ የቆራጩን ስም አያሰፍርም። ባለመልኩም ቢሆን ከቤተሰቡ አንዱ ስሙን ካልጻፈለት ዛሬ ማን እንደነበር አይታወቅም፤ እንዲህ ስም አልባ ሆነው የቀሩት ብዙ ናቸው።

ይኸው ፒል እ.ኤ.አ. በ1819 ያሮው ማሙት የሚባሉ፣ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ተወስደው ኋላ ነፃ የወጡ ሙስሊም ሽማግሌ ሥሏል። ሥዕሉ እዚያው ፊላደልፊያ በሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። እኅታችን ሄዳ አይታው «ፈገግታቸው አባባን ይመስላል» አለችን። እንግዲህ እሷ ናት ያለችው።

መልክ ኖሮት ስም የሌለውን ሰው እኛ ወሎዬዎችም እናውቀዋለን። በ1976 ዓ.ም. መጨረሻ ድርቁ ሲከፋ አባታችን እኛን ይዞ ወደ ወልድያ ወረደ፤ እናዬ ከአጎታችን ጋር በእግር በያኔው ወሎ ክፍለ ሀገር ወደነበረችው ቆረም ሄዱ። አልተመለሱም። ኬንያዊው መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል ቡርክ ጋር ቆረም ገብቶ የቀረጸው ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ለዓለም ታየ። አሚንን አንወቅሰውም፤ ያ ፊልም እህል አስመጥቷል። እሱም በ1989 ዓ.ም. ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ። ብቻ ፊልሙ በታየ ቁጥር ቤታችን ጸጥ ይላል። ነጠላ የተከናነቡ አሮጊት በጎን ሲታዩ «አቁመው፣ አቁመው!» እንባባላለን። አንድ ጊዜ ሁለታችን እሳቸው ናቸው ስንል፣ ሦስታችን አይደሉም አልን። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረንበት አናውቅም።

የእኅታችን አፍንጫ ቁርጥ የእናዬ ነው ይባላል። ስለዚህ ልጅቷ እናቷን በጎን አስቀምጣ፣ በስልክ መብራት ጥላዋን ወረቀት ላይ ጥላ ቆረጠችው። ከጀርባው የእናዬን ስም ከነሰባት ቤት አያቶቻቸው በእርሳስ ጻፈች። አምስተኛው የክርስቲያን ስም ነው፤ በወሎ ይህ የብዙ ቤት ነገር ነው።

ምስሉ በስልክ ደረሰንና ለአክስታችን አሳየናቸው። እናዬን ደህና አድርገው የሚያስታውሱ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። ስልኩን አራቅ፣ ቀረብ አደረጉትና «አፍንጫውስ ይሁን። ሻሹ የታለ? እናቴ ራሷን ገልጣ ከሰው ፊት ቀርባ አታውቅም!» አሉ።

ልጅቷ ሌላ ወረቀት ይዛ ትጠብቃለች። እኛ ደግሞ የሻሹ ቋጠሮ ከኋላ ነበር፣ የለም ከጎን ነበር እያልን እስካሁን እየተከራከርን ነው።