ዓሣው ነግሮን ነበር

ዓሣ ሲታመም ይናገራል። የሚናገረው በሰውነቱ ነው። ሆዱ ይጎደጉዳል ወይም ያለ ልክ ያብጣል። ቅርፊቱ ይቆማል። ዓይኑ ይፈጥጣል። ክንፉን ከጎኑ ያጣብቃል። ቀለሙ ይጠቁራል። ይህን ሁሉ በሐይቅ ዳርቻ የሚውል ሰው አይቶታል። መረብ የሚጎትተው አይቶታል። ገፎ የሚሸጠው አይቶታል። አይተን ምን አደረግን? የባሰበትን ወደ ውኃው መልሰን ወረወርን። የተሻለውን ገፈን ሸጥን። በቃ።

በሌላው ዓለም ሰዎች አውራ ጣት የማታህል ዓሣ በመስታወት ገንዳ ያኖራሉ። ፓፈርፊሽ ይሏታል። ትውልዷ ደቡብ ህንድ፣ ኬረላ ነው። ርዝመቷ ከ3 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ስትደነግጥ ሆዷን በውኃ ትነፋለች። ይህች ዓሣ ሆዷ የጎደጎደ ዕለት አሳዳጊዋ እንቅልፍ የለውም። መጀመሪያ ውኃውን ይመረምራል፤ አሞኒያና ናይትራይት በዓይን ባይታዩም ዓሣ ይፈጃሉና። ቀጥሎ ኩሷን ያያል፤ ነጭና ቀጭን ሆኖ ከተንጠለጠለ የአንጀት ትል ይጠረጥራል። ቆዳዋ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካለ ሌላ ተባይ እንደያዛት ይረዳል። ቀንድ አውጣ አልበላም ያለችበትን ቀን ይጽፋል። ለብቻዋ በሌላ ገንዳ ያቆያታል። መድኃኒት የሚታሰበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ድካም ለአንዲት ሚጢጢ ዓሣ! የእሷ ትልቅ ዘመድ በእኛው ኦሞና ቱርካና ውኃ ውስጥ ይኖራል። እኛ ግን እሱ ቀርቶ ከደጃችን የምናወጣውን ቆሮሶ እንኳ በዚህ ዓይን አላየነውም።

የተሰጠን ምን ነበር? ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ በአምባሰል ተራሮች ግርጌ የተኛ፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚያልፍ፣ ስሙም ሐይቅ የተባለ ሐይቅ። መውጫ ወንዝ የለውም። የገባበት ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል። እንዲህ ያለ ውኃ ከማንም ውኃ ይልቅ ጠባቂ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ1969 ባክስተርና ጎሎቢትሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ጥራቱን ለኩት። 9 ሜትር ወደ ታች ያሳይ ነበር። ዘጠኝ ሜትር! የለኩበት መሣሪያ ምንድን ነው? በገመድ ታስሮ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ የሚወርድ ነጭ ክብ ሰሌዳ። ለዚህ ምን ዓይነት ሀብት ይጠይቃል? በየቤታችን ነጭ ሳህን አልነበረም? ገመድስ አልነበረም?

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ ወደ ሐይቁ ገባ። በልተነዋል። ሸጠነዋል። ልጅ አሳድገንበታል። ውለታውን የሚክድ የለም። ግን ውኃው ደፈረሰ። በኋላ የለኩት ሰዎች ያንን 9 ሜትር አላገኙትም፤ የሚያሳየው ጥቂት ሜትር ብቻ ሆኗል። አዲሱ ዓሣ ዋቅላሚ የሚበሉትን ጥቃቅን የውኃ ነፍሳት ማመናመኑን ተመራማሪዎች ከምክንያቶቹ አንዱ ያደርጉታል። ለውጡ በአንድ ሌሊት አልመጣም። ዓመት ከዓመት፣ በዓይናችን ሥር መጣ። በየዓመቱ አንድ ቀን፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሳህን ቢያወርድ ኖሮ ገና በጅማሬው እንይዘው ነበር። አንድ ቀን አጣን?

መጻፍ የማናውቅ ሕዝብ ነን እንዳንል የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያሳፍረናል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ጉባኤ ዘርግተው ደቀ መዛሙርት ያፈሩት እዚሁ ውኃ መካከል ነው። የእሳቸው ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ ተጠብቆ ደርሶናል። ብራናን ከእሳት፣ ከዝናብ፣ ከዘራፊ ያተረፈ እጅ አንድ ደብተር ለዓሣ መግዛት አቃተው? ስሙን ለቅኝት ያወረሰው አምባሰልስ? የክራር ጅማት ቅንጣት ስትላላ የሚሰማ ጆሮ ያለው ሕዝብ የዓሣ መልክ ሲጠቁር እንዴት አላስተዋለም?

በዚያ ደብተር ምን ይጻፍ ነበር? ቀላል ነገር። ትልቁም ትንሹም ዓሣ በአንድ ሌሊት ከተንሳፈፈ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውኃው ነው። ዛሬ ሁለት፣ ነገ ሦስት እያለ ቁስል ይዞ ከመጣ በሽታ ይጠረጠራል። ሊነጋ ሲል ከላይ ተሰብስቦ አፉን እየከፈተ ፀሐይ ስትበረታ የሚመለስ ከሆነ ኦክስጅን አንሶታል፤ ዋቅላሚው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ ያድራልና። ቀኑን ሙሉ ከላይ የሚቀር ከሆነ ስንጥቡን ገልጦ ማየት ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ የዓሣው ዓይነት፣ የታየው ምልክት፤ አራት መስመር ይበቃ ነበር። ይህን ለመጻፍ ዶክተር መሆን ያስፈልጋል? አራተኛ ክፍል የደረሰ የአጥማጅ ልጅ አይጽፈውም ነበር?

ከደብተሩ በላይ የሆነውንም የሚያይልን አላጣንም። ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ። ላማችን ስትታመም ሐኪም ፍለጋ ሌሊት ተነስተን ሄደናል። የታመመ ዓሣ በባልዲ ውኃ፣ በሕይወት እንዳለ ይዘን ደጅ ያንኳኳን ስንቶቻችን ነን? በሕይወት መሆኑ ግድ ነው፤ ዓሣው ከሞተ ብዙው የቆዳና የስንጥብ ተባይ ጥሎት ይሄዳል፣ በማይክሮስኮፕም አይገኝም። እኛ ግን ሞቶ ሲሸት ብቻ አየነው። ያኔም አፍንጫችንን ይዘን አለፍን።

እ.ኤ.አ. በ2014 የሐይቃችን ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ በሆዳቸው ስለሚይዙት ትሎች ጥናት ታተመ። የእኛ ሐይቅ! የእኛ ዓሣ! ከእኛ ስንቱ ሰማ? የሰማውስ ምን ለወጠ? በሀገራችን ሐይቆች የታወቀው ኮንትራሲከም የሚባለው ትል ጎልማሳ የሚሆነው በዓሣ በል ወፍ ሆድ ውስጥ ነው። እንቁላሉ በወፏ ኩስ ወደ ውኃው ይመለሳል፤ ከዚያም ጥቃቅን የውኃ ነፍሳትን ተሻግሮ እንደገና ዓሣ ውስጥ ይገባል። ይህን ዙር ለመስበር ከሚረዱት ነገሮች አንዱ የዓሣ ሆድ ዕቃ መቅበር ነው። አንድ ጉድጓድ! አንድ አካፋ! እኛ ምን አደረግን? ሆድ ዕቃውን ዳር ላይ በተንን። ወፉ በላ። ትሉ ዞሮ መጣ። በገዛ እጃችን ቀለብነው።

ዛሬ ደብተሩን ብንከፍት፣ ላቦራቶሪውን ብናንኳኳ፣ ጉድጓዱን ብንቆፍር ደግ ነው፤ ማድረግም አለብን። የጠፋው ግን አይመለስም። ሕመምን ለመለየት አስቀድሞ ጤናን ማወቅ ያስፈልጋል። ያቺ ትንሽ የመስታወት ገንዳ ዓሣ የምትድነው አሳዳጊዋ በደህና ቀኗ ስላወቃት ነው፤ ምን ያህል እንደምትበላ፣ ቀለሟ ምን እንደሚመስል፣ ሆዷ ምን ያህል ክብ እንደሆነ። እኛ የሐይቃችን ደህና ቀን በነፃ ተሰጥቶን ነበር። ውኃው ጥርት ብሎ ሳለ ከዳር ቆመን አይተነው ነበር። የለኩት ግን ከሩቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። እኛ አልለካንም። አልጻፍንም። ለልጆቻችንም አልነገርንም። ነገ አንድ ልጅ ጠቆር ያለ ቆሮሶ ይዞ መጥቶ «ይህ ዓሣ ድሮም እንዲህ ነበር?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልስለታለን? ሳህኑ ነበረን። ገመዱ ነበረን። ዓይኑ ነበረን። ታዲያ ምን አጥተን ነው?